ቤዝ ጊታር በሞንታርቦ፤ የሁለት ሣጥኖች ታሪክ

በአገራችን ለሠርግም ሆነ ለስብሰባ፣ ለምረቃም ሆነ ለሙዚቃ ትርዒት በየአዳራሹ የሚቆመውን ትልቅ የድምፅ ማጉያ ሣጥን ሁላችንም «ሞንታርቦ» እንለዋለን። ቃሉ ከመለመዱ የተነሣ የአማርኛ ያህል ሆኖአል፤ መነሻው ግን በጣሊያን አገር የድምፅ መሣሪያ የሚሠራ የአንድ ፋብሪካ ስም ነው። የአንድ ፋብሪካ ስም የዕቃው ሁሉ መጠሪያ በሆነ ጊዜ ዕቃውም ሁሉ አንድ ዓይነት መስሎ መታየቱ አይቀርም። በዚሁ ሣጥን ውስጥ የተናጋሪ ድምፅ ቢገባ፣ የክራር ድምፅ ቢገባ፣ ወይም ቤዝ ጊታር ቢገባ ለሣጥኑ ልዩነት የሌለው ሆኖ ይታሰባል። ዋቱ ከበቃ ሌላውም ሁሉ የበቃ ይመስላል።

የማኅበራችን አባላት፣ በተለይም በኤሌክትሪክና በሕንፃ ሥራ የተሠማሩት፣ አዳራሽ በሚሠራበት ወይም ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ «ስንት ዋት ይበቃናል?» ተብለው መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቤዝ ጊታር ከተፈለሰፈበት ጊዜ አንሥቶ ያለው ታሪክ እንደሚያሳየን፣ ይህ መሣሪያ ለአዳራሽ በተሠሩ ስፒከሮች ላይ ብዙ ጥፋት ያደረሰው ከዋት ቁጥር ይልቅ በሌላ ምክንያት ነው። ምክንያቱን በሒሳብ አጥርተው ያስረዱትም የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች አልነበሩም። ይህ አጭር ጽሑፍ ያንን ታሪክ ለመከተል ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

የቤዝ ጊታር ሣጥንና የአዳራሽ ሣጥን የአንድ አባት ልጆች ናቸው። በ1925 ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ዛሬም በአብዛኛው የምንጠቀምበትን ስፒከር ለአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር አቀረቡ። አሠራሩ እንደሚታወቀው ነው። በማግኔት ጠባብ ክፍተት ውስጥ የተንጠለጠለ ጥቅል ሽቦ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ከእርሱ ጋር የተጣበቀውም ሾጣጣ ወረቀት አየሩን ይገፋል። ጥቂት ቆይቶ ድምፅ ያለው ፊልም መጣ፤ በሺሕ የሚቆጠር ተመልካች የሚይዙ የሲኒማ አዳራሾችም ድምፅን ሁሉ በእኩልነት የሚያሰማ መሣሪያ ፈለጉ። በጊዜው የነበሩት አምፕሊፋየሮች ኀይላቸው በጣም አነስተኛ ስለ ነበረ፣ ከእያንዳንዱ ዋት የሚቻለውን ያህል ድምፅ ለማውጣት ስፒከሩን በትልቅ ጡሩምባ ጉሮሮ ላይ መግጠም ግድ ሆነ። የኤም ጂ ኤም ፊልም ድርጅት የድምፅ ክፍል ኀላፊ የነበረው ዳግላስ ሺረር ከጆን ሂሊያርድና ከጄምስ ላንሲንግ ጋር በ1930ዎቹ አጋማሽ ያሠራው ሥርዓት የዚህ ዓይነቱ ሣጥን መነሻ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አልቴክ ላንሲንግ «የቲያትር ድምፅ» ብሎ የሸጣቸው ሣጥኖች ደግሞ በየሲኒማ ቤቱ የተስፋፉት ናቸው። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1932 የቤል ላቦራቶሪው አልበርት ቱራስ በሣጥኑ ላይ የተለካ ቀዳዳ በመክፈት ከስፒከሩ ጀርባ የሚወጣውን ሞገድ ለወፍራሙ ድምፅ ድጋፍ እንዲሆን የሚያደርግበትን የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር። ጡሩምባውና ቀዳዳው ወደ ኋላ የምንመለስባቸው ስለ ሆኑ አንባቢ በልቡ ይያዛቸው።

የሲኒማው ሣጥን ዓላማ አንድ ነበር፤ የገባውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ማውጣት።

የቤዝ ታሪክ በሌላ መንገድ ይጀምራል። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በታላላቅ የዳንስ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ቆሞ የሚጫወተው ባለ ትልቁ ኮንትራባስ ሙዚቀኛ ከመለከቶችና ከከበሮ ጀርባ የሚታይ፣ ግን የማይሰማ ሰው ነበር። በሲያትል ከተማ ፖል ተትማርክ የተባለ ሰው በ1930ዎቹ እንደ ጊታር በአግድም የሚያዝ የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ለገበያ አቅርቧል፤ ሆኖም ብዙ የተቀበለው አላገኘም። ነገሩ የተሳካለት በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበረው ሊዮ ፌንደር ነው። ፌንደር ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመን ግን ሌላው ታሪኩ ነው፤ ይኸውም ከሬዲዮ ጥገናው ጎን ለጎን ለሕዝብ ስብሰባና ለዳንስ ምሽት የሚሆኑ የድምፅ ማጉያዎችን እየሠራ ያከራይ እንደ ነበረ ነው። በዛሬው አነጋገራችን ሞንታርቦ አከራይ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በ1951 ፕሪሲሽን ቤዝን ባወጣ ጊዜ፣ ቀጭኑን ወፍራም ክር ምን ዓይነት ሣጥን ይሸከመዋል የሚለው ጥያቄ ለእርሱ እንግዳ አልሆነም። በ1952 ቤዝማን የተባለውን አምፕሊፋየር አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ሰጥቶ ለገበያ አቀረበው። ኀይሉ ወደ 26 ዋት ገደማ ነበር።

ሃያ ስድስት ዋት ግን አልበቃም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ቤዝማን አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ይዞ ተመለሰ፤ ውጤቱም ያልታሰበ ሆነ። ቤዝ ተጫዋቾች ብዙም ሳይረኩበት ጊታሪስቶች ወደዱት። ለእንግሊዙ ጂም ማርሻል በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሠራው የመጀመሪያ አምፕሊፋየር ምሳሌ የሆነውም ይኸው ቤዝማን ነው። ለቤዝ የተሠራው መሣሪያ ለሮክ ጊታር ጩኸት አባት ሲሆን፣ ቤዙ ራሱ ግን ገና ቤት አላገኘም ነበር ማለት ይቻላል።

በኒው ዮርክ በኩል የአምፔግ መሥራች ኤቨሬት ሃል ነበረ። እርሱ ራሱ ኮንትራባስ ተጫዋች ስለ ነበረ የድምፅ መዛባትን አጥብቆ ይጠላ ነበር። በ1960 የወጣው ቢ-15 የተባለው የኩባንያው ሣጥን ኀይሉ 25 ዋት ብቻ ቢሆንም፣ ለሣጥኑ አሠራር የተሰጠው ጥንቃቄ ከዋቱ በላይ ዋጋ ነበረው፤ በስቱዲዮም በትንሽ አዳራሽም ለብዙ ዘመን ተወደደ። ነገር ግን ዘመኑ የትንሽ አዳራሽ ዘመን መሆኑ እያበቃ ነበር።

ነሐሴ 15 ቀን 1965 ቢትልስ በኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም ከ55,000 በላይ ለሆነ ሕዝብ ተጫወቱ። የጊታሮቹና የቤዙ ድምፅ የመጣው ከመድረኩ ላይ ከነበሩት የቮክስ አምፕሊፋየሮች ሲሆን፣ ድምፃውያኑ ደግሞ በስታዲየሙ የማስታወቂያ ድምፅ ማጉያ በኩል ተሰሙ፤ ተሰሙ ከተባለ። ለጨዋታ ውጤት ማስታወቂያ የተሰቀለ ጡሩምባ ዘፈን እንዲያሰማ መጠየቁን ዛሬ ስናስበው ያስደንቀናል። በዚያ ምሽት ቤዙን በዚያው ጡሩምባ ለማስገባት የሞከረ የለም፤ ቢሞከርም የሰው ንግግር ብቻ እንዲያስተላልፍ የተሠራ መሣሪያ የቤዙን መሠረታዊ ድምፅ ጨርሶ አያወጣውም ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ፊዚክሱ ጥቂት ጎራ ማለት ያስፈልጋል፤ ታሪኩ ያለ እርሱ አይገባምና።

የባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ 41.2 ኸርዝ ይንቀጠቀጣል። የሞገዱም ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል። ስፒከሩ አየርን በቀጥታ የሚገፋ ሲሆን፣ አንድ ዓይነት የድምፅ ብርታት ለመስጠት ወረቀቱ የሚጓዘው ርቀት የድግግሞሹ ስኩዌር ግልባጭ ነው። በሌላ አነጋገር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ወረቀቱ አራት እጥፍ መጓዝ አለበት። ለምሳሌ ያህል ወለል ላይ በቆመ ዝግ ሣጥን ውስጥ ያለ አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር በ1 ሜትር ርቀት 110 ዴሲቤል እንዲሰጥ ብንፈልግ፣ በ165 ኸርዝ ከግማሽ ሚሊሜትር ያልበለጠ፣ በ82 ኸርዝ 2 ሚሊሜትር ያህል፣ በ41 ኸርዝ ግን 8 ሚሊሜትር ያህል ወደ እያንዳንዱ አቅጣጫ መጓዝ ይኖርበታል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የነበሩት የአዳራሽ ስፒከሮች ወረቀታቸው ቀላል፣ የጥቅል ሽቦአቸው ጉዞ አጭር ነበር፤ ሳይዛቡ የሚችሉት ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም። ይህ ጉድለት ሳይሆን ታስቦ የተደረገ ነው። በሲኒማው ውስጥ ወረቀቱን ከመንቀሳቀስ የሚያድነው ጡሩምባው ነበርና ጉዞ አላስፈለገውም። ያንኑ ስፒከር ከጡሩምባው አውጥቶ በተራ ሣጥን ውስጥ ከቶ ቤዝ ያስገባበት ሰው ግን የማይችለውን ሸክም አሸከመው።

የቱራስ ቀዳዳም የራሱ ወጥመድ አለው። ሣጥኑ በተስተካከለበት ድግግሞሽ አካባቢ ቀዳዳው ሥራውን ተቀብሎ ወረቀቱን ያሳርፈዋል፤ ከዚያ በታች ግን አየሩ በቀዳዳው በኩል እንደ ልብ ስለሚወጣና ስለሚገባ ወረቀቱ ደጋፊ ያጣል። ለንግግርና ለዘፈን ተብሎ በ60 ኸርዝ የተስተካከለ ሣጥን 41 ኸርዝ ሲመጣበት፣ የሚሰማ ድምፅ ሳይሰጥ ወረቀቱ ብቻ እንደ ጨርቅ ይርገበገባል። ጥቅል ሽቦው ገና ሳይሞቅ ስፒከሩ ይሰበራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አዳራሽ ውስጥ የተበላሹ አራት ስፒከሮችን እንድመለከት ተጠይቄ ነበር። ባለቤቱ «ዋቱ በዝቶባቸው ተቃጠሉ» ብሎ አምኖ በእጥፍ ዋት የሚበልጡ ሌሎች ለመግዛት ገንዘብ አዘጋጅቶ ነበር። በኦም መለኪያ ሲፈተሹ የአራቱም ጥቅል ሽቦ ደኅና ነው፤ የጠቆረ ቦታም የለም። የተበላሸው ሌላ ነው፤ የወረቀቱ ዙሪያ ተቀዷል፣ የሽቦው መጠቅለያ ሲሊንደርም ከማግኔቱ የኋላ ብረት ጋር እየተጋጨ ጫፉ ተጣሟል። ይህ የሙቀት ሞት ሳይሆን የጉዞ ሞት ነው። በእጥፍ ዋት የተገዛ፣ ግን ጉዞው ያው የሆነ ስፒከርም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ከ50 ኸርዝ በታች ያለውን የሚያስቀር አንድ ማጣሪያ ከአምፕሊፋየሩ በፊት ማስገባት ከአንዱ ስፒከር ዋጋ እጅግ ያነሰ ወጪ ነበር። ብዙ ባለ አዳራሾች ይህን ወጪ ሳይሆን ያንን ሲያወጡ ማየት ያሳዝናል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ለስታዲየሙ ችግር ሁለት መልሶች በአንድ ዘመን ቀረቡ። አንደኛው የቤዝ ተጫዋቹን ሣጥን ማግዘፍ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ አኩስቲክ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ባለ 18 ኢንች ስፒከር በታጠፈ ጡሩምባ ውስጥ ከትቶ አቀረበ፤ የሲኒማው ጥበብ በመድረክ ላይ መግባቱ ነበር። በ1969 ደግሞ አምፔግ 300 ዋት ያለውን፣ ክብደቱ ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ፣ በቫልቭ የሚሠራ ኤስ ቪ ቲ አወጣ፤ ሮሊንግ ስቶንስም በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጉዞአቸው ይዘውት ወጡ። እያንዳንዱ ሣጥን ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ነበሩት። ወፍራም ድምፅ ትልቅ ስፒከር ይፈልጋል ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ግልጽ ነው። የስምንቱ ትንንሽ ወረቀቶች ስፋት ሲደመር ከአንድ ባለ 15 ኢንች ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህም የእያንዳንዱ ጉዞ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ከዚያም በላይ ሣጥኑ ቀዳዳ የሌለው ዝግ ስለ ሆነ በውስጡ የታፈነው አየር ወረቀቱን እንደ ስፕሪንግ ይይዘዋል። ሣጥኑ ከ60 ኸርዝ በታች ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል፤ እንዲሁም ጡሩምባ የሌለው በመሆኑ የላይኛውን ቀጭን ድምፅ አያወጣም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ቢኖር አልተሳሳተም፤ ግን የቤዝ ጊታር መሠረታዊ ድምፅ በአብዛኛው ከሁለተኛው ሃርሞኒክ የደከመ ነው፣ ጆሮም የጎደለውን መሠረት ከሃርሞኒኮቹ እያሟላ ይሰማዋል። በመሆኑም ሁለቱም ጉድለቶች የመሣሪያው መልክ ሆኑ። የቤዝ ሣጥን የገባውን ሁሉ የሚያወጣ መስተዋት አይደለም፤ የክራር ገበቴ የክራሩ አካል እንደ ሆነ ሁሉ እርሱም የጊታሩ አካል ነው።

ሁለተኛው መልስ ቤዙን ከድምፃውያኑ ጋር ወደ አዳራሹ ድምፅ ማጉያ መላክ ነው። በ1967 በእንግሊዝ አገር ቻርሊ ዋትኪንስ ለዊንዘር የሙዚቃ በዓል 1,000 ዋት ያለው የሕዝብ ድምፅ ማጉያ ሥርዓት አቆመ፤ በዚያን ጊዜ ይህ ተሰምቶ የማይታወቅ ቁጥር ነበር። የሕዝቡ ማጉያ እንዲህ ካደገ በኋላ መሣሪያዎቹንም ሁሉ መሸከሙ የጊዜ ጉዳይ ሆነ። ለቤዙ መንገዱን የጠረገው ግን ስቱዲዮው ነው። በዲትሮይት ሞታውን ስቱዲዮ ውስጥ ጄምስ ጄመርሰን ቤዙን ያለ ምንም ሣጥንና ማይክሮፎን በቀጥታ ወደ መቅረጫ ሚክሰሩ ይሰካ ነበር፤ ዓለም የሰማቸው ብዙ የሞታውን ቤዞች የስፒከር ወረቀት ያልነካቸው ናቸው። በለንደን አቢ ሮድ ደግሞ በ1966 «ፔፐርባክ ራይተር» ሲቀረጽ፣ ኬን ታውንሴንድ የተባለው መሐንዲስ ትልቅ ስፒከር በቤዙ ሣጥን ፊት አቁሞ እንደ ማይክሮፎን ተጠቀመበት። ወፍራም ድምፅ ለማውጣት የሚችል ወረቀት ለመቀበልም ይችላል ብሎ ነው። ጨዋታ ቢመስልም የራይስና የኬሎግ መሣሪያ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሠራ ያረጋገጠ ጨዋታ ነው።

የሁለቱ መልሶች ግጥሚያ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የደረሰው በ1974 ነው። ግሬትፉል ዴድ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን «የድምፅ ግድግዳ» የተሰኘውን ሥርዓት በዚያ ዓመት መጋቢት ወር አቆመ። ከ500 የሚበልጡ ስፒከሮች ከሙዚቀኞቹ ጀርባ እንደ ሕንፃ ተደረደሩ፤ የሚነዷቸውም 48 የማኪንቶሽ አምፕሊፋየሮች ነበሩ። ዋናው ልዩነቱ ግን ብዛቱ አልነበረም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሙዚቀኛው ሣጥንና የአዳራሹ ሣጥን የሚባል ክፍፍል ጠፋ፤ ሙዚቀኛው የሚሰማው ሣጥን ሕዝቡ የሚሰማው ራሱ ነው። እያንዳንዱም መሣሪያ የራሱ ስፒከሮች ነበሩት። የፊል ሌሽ ቤዝ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ምልክት ሰጥቶ ለብቻው ወደ ተመደቡለት ስፒከሮች እንዲሄድ ሊደረግ ይቻል ነበር። አራት ክር፣ አራት መንገድ! ቤዝ ጊታር በሞንታርቦ ሊሰማ ይችላልን ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ መልስ የሰጠ እስካሁን የለም። አንድ ስፒከር አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚሸከም መዛባቱ ያንሳል፤ በብዙ ወረቀት ስለሚካፈልም ጉዞው ያንሳል። ሥርዓቱ ግን በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ተፈታ። ማጓጓዣው፣ ማቆሚያውና የሰው ጉልበቱ ቡድኑን ሊያከስር ደርሶ ነበር። መሐንዲስ የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ በፈገግታና በሐዘን መካከል ሳይቆም አይቀርም።

የግድግዳው ሠሪዎች በብዛት የፈቱትን ችግር በወረቀትና በእርሳስ የፈታው ሰው ግን ከዚያ ሩቅ ነበር። በአውስትራሊያ የሚኖረው ኔቪል ቲል ቀዳዳ ያለው ሣጥን እንደ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ማጣሪያ ሊሰላ እንደሚችል በ1961 በአገሩ የሬዲዮ መሐንዲሶች መጽሔት አሳተመ። አሜሪካና አውሮፓ ለአሥር ዓመት ያህል ሳያስተውሉት ቆዩ፤ በ1971 የድምፅ ምሕንድስና ማኅበሩ መጽሔት ጽሑፉን እንደገና ሲያወጣው ነው የታወቀው። ከዚያም በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሪቻርድ ስሞል በ1972ና በ1973 ተከታታይ ጽሑፎች ሥራውን አሰፋ፤ ከዋትና ከኢንች በተጨማሪ ወረቀቱ ሊገፋው የሚችለውን የአየር መጠን፣ ማለትም የስፋቱንና የጉዞውን ብዜት፣ እንደ አንድ መለኪያ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው የስፒከሩን መለኪያዎች ይዞ ሣጥኑ በስንት ኸርዝ ላይ እንደሚደክምና በስንት ዋት ላይ ወረቀቱ ከልኩ እንደሚያልፍ ዕቃውን ሳይሰብር በቅድሚያ ሊያሰላ ይችላል። ስለ ቤዝ ሣጥን ከዚህ በፊት የነበረው ዕውቀት የጆሮና የልማድ ዕውቀት ነበር። ጆሮን መናቅ አይገባም፤ የኤስ ቪ ቲ ሣጥን ከእነዚህ ጽሑፎች በፊት በጆሮ የተሠራ ነውና። ነገር ግን ጆሮ የሠራው ሣጥን ለምን እንደ ሠራ ለሌላው ማስተማር አይችልም።

በአገራችን የኤሌክትሪክ ቤዝ የተስፋፋው ይህ ሁሉ በሚካሄድበት ዘመን ነው። በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት የነበረው ዋሊያስ ባንድ፣ እንደዚሁም አይቤክስና ከእርሱ የቀጠለው ሮሃ ባንድ ቤዝ ጊታርን የሙዚቃው ምሰሶ አድርገውታል፤ የሮሃው ጆቫኒ ሪኮ የቤዝ አጣጣሉ ብዙ ተከታይ አፍርቷል። በችክችካ ምት ውስጥ ቤዙ የከበሮው ጓደኛ ነው፤ ቤዙ የደበዘዘ ከሆነ ጭፈራው ራሱ ይላላል። ስለዚህ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ቤዙ በምን ይሰማል የሚለው ጥያቄ ለአገራችን አድማጭ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። የሠርግ ባንድ ቤዝን ለንግግር ከተሠራ ባለ 12 ኢንች ሞንታርቦ ጋር አገናኝቶ ሲያስጮኽ፣ የሚሰማው አንድ ጉርምርምታ ብቻ ነው፤ የጣቱ ምት ይጠፋል፣ ዘፋኙም ከዚያው ወረቀት ስለሚወጣ ድምፁ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። አንድ ወረቀት በወፍራሙ ድምፅ 8 ሚሊሜትር እየተጓዘ ቀጭኑንም እንዲያወጣ ሲጠየቅ፣ የቀጭኑ ድምፅ ከጉዞው ጋር ይዛባል። ዘፋኙ ጉሮሮው የደከመ ይመስላል፤ ጥፋቱ ግን የቤዙ ጎረቤት መሆኑ ነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ሁኔታው ተለውጧል። አምፕሊፋየሩ በሣጥኑ ውስጥ የተገጠመለት፣ ጄቢኤል በ1995 ኢዮን ብሎ እንዳወጣው ያለ የፕላስቲክ ሣጥን በየቦታው ተስፋፋ። በኋላም ሒሳብ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ተጨመረበት፤ ወረቀቱ ከልኩ ሊያልፍ ሲል ወፍራሙን ድምፅ ራሱ ይቀንሰዋል። ከ40 ኸርዝ አካባቢ በታች ያለውንም ከመነሻው ይቆርጠዋል። ወፍራሙን የሚሸከም ሰብዉፈርም ለብቻው ቆመ፤ የዘፋኙና የቤዙ ጎረቤትነት በዚህ አበቃ። ዛሬ በደንብ የተመረጠ የአዳራሽ ሥርዓት ቤዝ ጊታርን ከማንኛውም የቤዝ ሣጥን በበለጠ ስፋትና ንጽሕና ያሰማል ብል ማጋነን አይሆንም። የባለ አምስት ክሩን ቤዝ 30.9 ኸርዝ ግን ብዙዎቹ አሁንም አያወጡትም፤ ሻጭም ይህን በራሱ ፈቃድ አይናገርም።

የቀረው ችግር የንጽሕናው ራሱ ነው። ሁሉን በሚያሰማ ሣጥን በኩል ቤዙ ብቻውን ሲሄድ፣ የጣት ጥፍር፣ የክር ፍጭት፣ የቫልቩም መዛባት በጡሩምባው በኩል ስለት ሆኖ ይወጣል። ለ50 ዓመት ጆሮአችን የለመደው የቤዝ ድምፅ ከ60 ኸርዝ በታችና ከ5,000 ኸርዝ በላይ የተቆረጠ ነበርና። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ቤዝ ተጫዋቾች በእግራቸው ሥር አንዲት ትንሽ መሣሪያ ያስቀምጣሉ፤ እርሷም ያንን ስምንት ስፒከር ያለውን ዝግ ሣጥን ጉድለቱን ሁሉ በሒሳብ አስመስላ ወደ ሚክሰሩ ትልካለች። ሣጥኑ በመድረኩ ላይ የለም፤ ጉድለቱ ግን በሞንታርቦው ውስጥ ይሰማል። አድማጩ በዚህ ደስተኛ ነው። ተጫዋቹ ግን ሱሪውን የሚያወዛውዘው ነፋስ ከጀርባው ስለ ቀረበት፣ ብዙዎቹ አሁንም አንድ አነስተኛ ሣጥን ከኋላቸው አቁመው ድምፁን ለራሳቸው ብቻ ዝቅ አድርገው ይከፍቱታል። የአዳራሹን መሣሪያ የሚያዝዝ መሐንዲስም ለዚያ ሣጥን በመድረኩ የኋላ ግድግዳ ላይ አንድ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ማስገባቱን ባይረሳ መልካም ነው።